ቋሊማው ተርፎ ቋንቋው ተቀበረ

ባህልን መግደል የሚፈልግ ሰው ምግቡን አይከለክልም። ልብሱንም አይነካም። ጭፈራውማ ጭራሽ ይድመቅ፤ መድረክ ይሠራለት፣ መብራት ይብራለት፣ በዓመት አንድ ቀንም ፌስቲቫል ይዘጋጅለት። ገዳዩ አንድ ነገር ብቻ ካደረገ ይበቃዋል፤ ልጆች በቋንቋቸው እንዳይማሩና እንዳይነጋገሩ ማድረግ። የቀረውን ጊዜ ይጨርስለታል። ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ ባህሉ ይሄድና ሜኑው ይቀራል።

ይህን የምለው ዝም ብዬ ተፈላስፌ አይደለም። አገሩን አይቼዋለሁ። ባሮሳ ሸለቆ ይባላል።

ባሮሳ ከደቡብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ ከአዴላይድ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና የሚያስኬድ የወይን አገር ነው። ስሙን ያወጣለት ቀያሹ ኮሎኔል ዊልያም ላይት ነው፤ በ1837። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።) እንግሊዞች በ1811 በስፔን ምድር ያሸነፉበትን ውጊያ ለማስታወስ ነበር ሐሳቡ። ሲጻፍ ግን አንዱ ፊደል ወደቀ፣ ሌላው ተደረበ፣ በዚያው ቀረ። ከፔራማንክ፣ ከንጋጁሪና ከካውርና ነባር ሕዝቦች መካከል ስሙን በተመለከተ የተጠየቀ ሰው አልነበረም። እንግዲህ ከመነሻው በስም የሚቀለድበት አገር ነው ማለት ነው።

ዛሬ ለሄደበት ሰው ግን ያስጎመጃል። ኮረብታው ሁሉ በወይን ረድፍ የተሰመረ ደብተር ይመስላል። በየመንደሩ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሾጣጣ ጉልላት ብቅ ይላል። ታኑንዳ በምትባለው ከተማ ዳቦ ቤቱ በጀርመን ዘይቤ የተጋገረ ኬክ፣ ሥጋ ቤቱ በጭስ የደረቀ ቋሊማ ይሸጣል። ከ1861 ጀምሮ የሚዘምር የወንዶች መዘምራን ማኅበር አላቸው። ሴፕልትስፊልድ በሚባለው ጥንታዊ የወይን ቤት ደግሞ ከአዳም ዘመን የሚገርም ነገር አለ። የመሥራቹ ልጅ ቤኖ ሴፕልት በ1878 አንድ ትልቅ በርሜል ጣፋጭ ወይን ጠጅ ሞልቶ «መቶ ዓመት ሳይሞላው እንዳይከፈት» ብሎ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ በርሜል እየተቀመጠ መጥቷል። ከ1978 ጀምሮም በየዓመቱ መቶ የሞላው ይከፈታል። እስቲ አስቡት፤ ሰውዬው እሱም፣ ልጁም የማይቀምሰውን መጠጥ ነው ያስቀመጠው። እኛ አገር «ለልጅ ልጅ» የምንለው በምርቃት ላይ ብቻ ነው።

ከወይን መቅመሻ ቤቶቹ በአንዱ ያስተናገደችን ወጣት የአያት ቅድመ አያቶቿን ስም በኩራት ቆጠረችልን። ስሟ ከነአባቷ ስም ጀርመን ነው።

«ጀርመንኛ ትችያለሽ?» አልኳት።

ሳቀች። «አያቴ ከምግብ በፊት የምትላት አጭር ጸሎት ነበረች። እሷንም የማውቃት ግማሿን ነው» አለች።

አብሮኝ የነበረው ሜልበርን የሚኖር የአክስቴ ልጅ ነው። የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ሁለቱም «ሰላም ነው?» ከማለት ያለፈ አማርኛ የላቸውም። የልጅቷን መልስ ሲሰማ ፊቱ በራ። «አየህ አይደል!» አለኝ፣ «ቋንቋው ሳይኖርም ባህሉ አለ። ይኸው መቶ ሰማንያ ዓመት አለፋቸው፣ ቋሊማቸውን አልረሱም። አንተ ደሞ ዝም ብለህ ትጨቀጭቀኛለህ።»

ወገኖቼ፣ ይህ ጽሑፍ ለአክስቴ ልጅ የተሰጠ መልስ ነው። እንደሱ የሚያስቡት ደግሞ ከሜልበርን እስከ ዋሽንግተን፣ ከዋሽንግተን እስከ ቦሌ ብዙ ስለሆኑ በአደባባይ መመለሱ ይሻላል።

በመጀመሪያ እነዚህ ሰዎች እዚያ ድረስ ለምን መጡ? ለቋሊማ አይደለም። የፕሩሲያው ንጉሥ ፍሬድሪክ ቪልሄልም ሣልሳዊ የሉተራንና የሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናትን በግድ አዋሕዶ አንድ የአምልኮ ሥርዓት መጽሐፍ አወጀባቸው። እምቢ ያሉት ካህናት ታሰሩ፣ ምእመናኑ ተቀጡ። በአንዲት ቃል ልዩነት ስንት ጉባኤ የተጠራባት አገር ልጆች ነንና ነገሩ ይገባናል። አውጉስት ካቭል የሚባል ፓስተር ለንደን ሄዶ ጆርጅ ፋይፍ አንገስ ከሚባል ባለጸጋ ጋር ተነጋገረ፤ አንገስም የጉዞውን ወጪ በብድር ሸፈነላቸው። በ1838 መጨረሻ አዴላይድ ደረሱ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1842፣ በባሮሳ ቤተኒ የምትባለውን የመጀመሪያ መንደራቸውን ቆረቆሩ። መሬቱን እንደ አገራቸው ወግ ከየቤቱ ጀርባ እንደ መቀነት ቀጭንና ረጅም አድርገው ተከፋፈሉት። ላባቸውን ጠብ አድርገው ሠሩ፣ ዕዳቸውንም ከፈሉ።

በሄዱበትም ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት አብረው ይተክሉ ነበር። ልጆቹ በእነዚያ ትምህርት ቤቶች ጀርመንኛም እንግሊዝኛም ይማሩ ነበር። ጋዜጣ በጀርመንኛ ያትሙ ነበር። እንዲህ እያሉ ሦስት ትውልድ ያህል ዘለቁ። «ታዲያ እንግሊዝኛ ሳይችሉ ወደ ኋላ ቀሩ» የሚል ካለ፣ ከጀርመን ስደተኞች ቤተሰብ የተወለደው ኸርማን ሆምቡርግ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ እስከ መሆን መድረሱን ልንገረው። የአባትን ቋንቋ ማወቅ ሹመት አልከለከለም። የከለከለው ጦርነት ነው። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወታደሮች ቢሮውን ፈተሹ፤ በ1915 መጀመሪያ ላይ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። በ1917 የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት 49 የሉተራን ትምህርት ቤቶችን ዘጋ። በጀርመንኛ የሚታተሙ ጋዜጦችም ታገዱ። በዚያው ዓመት በወጣ ሕግ የ69 ቦታዎች የጀርመን ስም እንዲፋቅ ተወሰነ። ሃንዶርፍ አምብልሳይድ ተባለች። ክሌምዚግ፣ እንግሊዞች በዚያው ሰሞን በተዋጉባት ከተማ ስም፣ ጋዛ ተባለች። ራይን የሚባለውን ወንዝ ደግሞ ማርን አሉት፤ ማርን ጀርመኖች በ1914 የተገቱበት የውጊያ ቦታ ነው። ሰው በተሸነፈበት ጦር ሜዳ ስም ከተጠራ ወንዝ ከብቱን ያጠጣ ማለት ነው! በስም ማዋረድን ብዙ አገር ያውቅበታል።

እዚህ ላይ ነው የአክስቴ ልጅ ልብ ብሎ እንዲሰማኝ የምፈልገው። ከስሞቹ አንዳንዶቹ በ1935፣ ሌሎቹም በኋላ ዓመታት ተመልሰዋል። ዛሬ ሃንዶርፍ ሃንዶርፍ ናት። ታፔላ ለመመለስ አንድ ሕግና አንድ ቀለም ቀቢ ይበቃል። ቋንቋው ግን አልተመለሰም። አያቶች በቤት ውስጥ ሲያጉረመርሙበት ቆይተው፣ ልጆቻቸው ሰምተው መመለስ ያፈሩበት፣ የልጅ ልጆቻቸው ደግሞ ጭራሽ ያልሰሙት ሆነ። ያ የባሮሳ ጀርመንኛ ራሱን የቻለ ለዛ የነበረው፣ በአውስትራሊያ ፀሐይ የበሰለ ቋንቋ ነበር። ዛሬ የቀሩት ጥቂት ተናጋሪዎችና ጥቂት ተቆርቋሪዎች ናቸው። ልጅቷ ግማሽ ጸሎት ይዛ የቀረችው ቤተሰቦቿ ግድ የለሽ ስለሆኑ አይደለም። ትምህርት ቤታቸው ስለተዘጋ ነው። ስለዚህ ቋሊማው «ባህል ያለ ቋንቋ ይኖራል» ለሚለው ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ቋሊማው ከቃጠሎ የተረፈ ዕቃ ነው።

ይህንንም ስል ጀርመኖቹን መላእክት ለማድረግ አይደለም። የሰፈሩበት መሬት ባለቤት ነበረው። የተተከለው እያንዳንዱ የወይን ረድፍ የሰው አደን ቦታ፣ የሰው መንገድ፣ የሰው ስም ላይ ነው የተተከለው። ሆኖም ከዚያው ዘመን አንድ የሚያስደንቅ ታሪክ አለ። ታይክልማንና ሹርማን የሚባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን በዚያው በ1838 አዴላይድ ገቡ። የካውርናን ሕዝብ ቋንቋ ተምረው በ1839 መጨረሻ ላይ በካውርና ቋንቋ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በ1840 ደግሞ ሁለት ሺህ ያህል ቃላት የያዘ የሰዋስውና የመዝገበ ቃላት መጽሐፍ አሳተሙ። መንግሥት ግን «እንግሊዝኛ ብቻ» አለ። ትምህርት ቤቱ በ1845 ተዘጋ። ቋንቋውን አቀላጥፋ ትናገር ነበር ከሚባሉት የመጨረሻዋ ኢቫሪጂ በ1929 ዐረፈች።

ነገሩን አስተዋላችሁት? በ1845 የካውርናን ትምህርት ቤት የዘጋው አስተሳሰብና በ1917 የጀርመኖቹን የዘጋው አንድ ነው። ቢላዋው አንድ ነው፤ የተቀየረው አንገቱ ብቻ ነው።

ከዚህ የሚብሰው ግርምት ደግሞ ይሄ ነው። የካውርና ልጆች በ1990 ገደማ ያቺን የ1840 መጽሐፍ ከአቧራ አንሥተው ቋንቋቸውን ከወረቀት ላይ መቀስቀስ ጀመሩ። በአዴላይድ ዩኒቨርሲቲ ከ2002 ጀምሮ የሚሠራ የራሱ ቡድን አለው። ዛሬ በአዴላይድ መናፈሻዎች የካውርና ስም ተጽፎ ታያላችሁ፣ በስብሰባ መክፈቻ ላይ በካውርና ሰላምታ ሲሰጥ ትሰማላችሁ። የመጨረሻ ተናጋሪውን ካጣ ከዘጠና ዓመት በላይ የሆነውን ቋንቋ፣ እያንዳንዷን ድምፅ «እንዲህ ይሆን የሚነበበው?» እያሉ እየገመቱ፣ ለልጆቻቸው ያስተምራሉ። የሞተን ለማስነሣት ይህን ያህል ይደክማሉ። እኛ ደግሞ በሕይወት ያለውን፣ ጎረምሳውን፣ በሬዲዮ የሚያወራውን፣ በስልክ የሚጻፈውን ቋንቋ ከልጆቻችን አፍ ላይ እናነሣለን።

እንግዲህ ወደ ቤታችን እንግባ።

አውስትራሊያ ውስጥ ዛሬ የኢትዮጵያዊን ቋንቋ የሚከለክል የ1917 ሕግ የለም። የየክፍለ ግዛቱ መንግሥታት ቅዳሜና እሑድ ለሚያስተምሩ የማኅበረሰብ ቋንቋ ትምህርት ቤቶች ገንዘብ ይሰጣሉ። ኤስቢኤስ የሚባለው የሕዝብ ማሰራጫ በአማርኛ ያሰራጫል። ባሮሳዎች በወታደር የተነጠቁትን እኛ በመንግሥት ገንዘብ ተለምነን «አይ፣ ልጄ ቅዳሜ ዋና አለው» እንላለን። ልጁ እንጀራ ይበላል፣ በጥምቀት ነጭ ይለብሳል፣ በሠርግ እስክስታ ይወርዳል፤ አባትየው በቪዲዮ ይቀርጸዋል። አያትየው ከአዲስ አበባ ስትደውል ግን ስልኩን «እማዬ፣ አንቺ አናግሪያት» ብሎ ለእናቱ ይሰጣል፤ እሱንም በእንግሊዝኛ ነው የሚለው። የልጅ ልጇን ድምፅ እየሰማች የሚላትን የማታውቅ አያት ናት እንግዲህ «ባህሉ አለ» የሚባልላት።

«ውጭ አገር ከባድ ነው፣ ሁለት ሥራ እየሠራን» ይሉኛል። እሺ፣ ይሁን። አዲስ አበባ ያላችሁትስ? በከተማችን በተማሪዎቻቸው ላይ «በግቢው ውስጥ በአማርኛ መናገር ያስቀጣል» የሚሉ የግል ትምህርት ቤቶች አሉ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም፤ ልጅ ያላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። በእናቱ ቋንቋ «ውኃ ጠማኝ» ያለ የስድስት ዓመት ሕፃን ይቀጣል። ወላጁ ሲነገረው ይናደዳል ብላችሁ ነው? ይደሰታል እንጂ! «ጥብቅ ትምህርት ቤት ነው» ይላል።

በባሮሳ በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ ነገር ሆነ። የወይን ምርት ተትረፈረፈና ዋጋው ወደቀ። ሺራዝ የሚባለው ቀይ ወይን ፋሽኑ አለፈበት ተባለ። መንግሥት ያመጣው መፍትሔ «ወይኑን ለሚነቅል ገበሬ ገንዘብ እከፍላለሁ» የሚል ነበር። መቶ ዓመት ያለፋቸው ግንዶች ተነቀሉ። ፊሎክሴራ የሚባለው ተባይ የአውሮፓን ወይን ሲፈጅ ደቡብ አውስትራሊያ ሳይገባ ቀርቶ ነበር፤ ተባይ ያላገኛቸውን ግንዶች ቼክ አገኛቸው። እምቢ ያሉም ነበሩ። ፒተር ሌማን የሚባለው የሉተራን ፓስተር ልጅ፣ ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ አምራቾቹ ገዢ አጥተው እንዳይበተኑ የራሱን ቤት አቋቁሞ ወይናቸውን ተቀብሏል። አንዳንድ ገበሬዎችም «የአያቴን ግንድ አልነቅልም» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ከረሙ። ዛሬ የእነዚያ ግንዶች ወይን ጠጅ ዋጋው የትየለሌ ነው። በ1843 እንደተተከለ የሚነገርለት የሺራዝ ማሳ ዛሬም ያፈራል፤ በዓለም ካሉት እጅግ ጥንታዊዎቹ አንዱ ነው። በ2009 ለአሮጌ ግንዶች ደረጃ ወጣላቸው፤ ከ35 ዓመት ጀምሮ ክብር አለ፣ 125 ዓመት ያለፈው ደግሞ «ቅድመ አያት» ይባላል። የነቀሉት ተመልሰው ቢተክሉ ቅድመ አያት ለማየት 125 ዓመት ይጠብቃሉ።

ቋንቋም ገበያው የሚወድቅበት ጊዜ አለው። የእኛዎቹ ቋንቋዎች ገበያ ዛሬ ወድቋል፤ አልክድም። ቪዛ አያስገኙም፣ ኮምፒዩተሩ በደንብ አያውቃቸውም፣ ሥራ ቀጣሪው አይጠይቃቸውም። ልዩነቱ ይሄ ነው፤ የባሮሳው ገበሬ ለመንቀል ተከፈለው፣ እኛ ግን ለመንቀል እንከፍላለን። በየሦስት ወሩ፣ ከነመመዝገቢያው።

«እንግሊዝኛ ይቅር ነው የምትለው?» እንዳትሉኝ። ማን አለ? እነዚያ የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ሁለቱንም ያስተምሩ እንደነበር ተናግሬአለሁ። የሕፃን ጭንቅላት ቆጥ የሌለው ጎተራ አይደለም፣ አንዱ ሲገባ ሌላው የሚፈስስ። መርካቶ የሚያድግ ልጅ አማርኛ፣ ጉራግኛና ኦሮምኛ አቀላጥፎ ሒሳብም አይሳሳትም። «ልጁ ይደናገራል» የሚለው ሰበብ የሰነፍ ወላጅ ሰበብ ነው።

ደግሞም «ቋንቋችን» ስል አማርኛን ብቻ እየጠበቅሁ የሚመስለው ካለ ይታረም። ያንን ቢላዋ እኛም ይዘነው ነበር። በንጉሡ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ብቻ ሲሰጥ፣ ኦሮምኛ ወይም ሲዳምኛ ተናጋሪው ሕፃን ክፍል ውስጥ ምን እንደተሰማው የምናውቀው ዛሬ የራሳችን ልጅ በእንግሊዝኛ ሲቀጣ ነው። ስለዚህ ክርክሬ ለሁሉም ነው፤ ጋሞኛ የሚናገር ቤት ጋሞኛውን፣ ትግርኛ የሚናገር ትግርኛውን፣ ጉራግኛ የሚናገር ጉራግኛውን ለልጁ ያውርስ። በሌላው ላይ የተሳለን ቢላዋ ያላወገዘ ሰው፣ ወደ እሱ ሲዞር ለመጮኽ አፍ የለውም።

የአክስቴ ልጅ ባሮሳ ላይ አንድ ኪሎ ቋሊማ ገዝቶ ነው የተመለሰው። ይጣፍጣል፤ እኔም በልቻለሁ። ግን እላችኋለሁ፣ በዚህ አያያዛችን በ2100 ሜልበርን ውስጥ አንድ «የሐበሻ ሸለቆ» ይኖራል። ክትፎው ይጣፍጣል፣ ቡናው በረከቦት ይቀርባል፣ እጣኑም ይጨሳል። አስተናጋጇ «ቅድመ አያቶቼ ኢትዮጵያውያን ነበሩ» ትላለች በእንግሊዝኛ። «አማርኛ ትችያለሽ?» ብሎ የሚጠይቃት እንግዳ ቢመጣ ትስቃለች። ለመሆኑ ማን ከለከላችሁ ሲላት ምን ትመልሳለች? የባሮሳዋ ልጅ 1917ን ትጠራለች። የኛዋ የምትጠራው ዓመትም ሕግም የላትም፤ የአባቷንና የእናቷን ስም እንጂ።

በባሮሳዎች ላይ የተፈረደው ፓርላማ ተሰብስቦ ነው። በእኛ ልጆች ላይ የሚፈረደው በየሳሎናችን፣ በየቀኑ፣ ራት ላይ ነው። እንግዲያው ይግባኙም እዚያው ራት ላይ ይሰማ፤ ልጁ «ዋተር» ሲል ውኃውን ያዝ አድርጉና «ምን?» በሉት። እስኪለው ጠብቁት። አይሞትም።